12ኤ ወይስ 15? በአንድ የተማሪዎች ሆረር ፊልም ላይ የተደረገ የጽሑፍ ክርክር

በእንግሊዝ አገር ኤ-ሌቨል ላይ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ባለው ትምህርት፣ ሚዲያ ወይም ፊልም የሚማሩ ልጆች አጭር ፊልም ሥሩ ሲባሉ ብዙዎቹ ሆረር (አስፈሪ ፊልም) ይመርጣሉ። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ አፓርታማና ማታ ካለ ሥራው ይጀመራል። የሚያከራክረው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ ነው፤ ፊልሙ ለስንት ዓመት ሰው ነው? ማንስ ያየዋል?

ሁለቱ ተከራካሪዎች የያዙት ለዚሁ ሲባል የተዘጋጀ የአምስት ደቂቃ ስክሪፕት ነው። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ማታ ለንደን ውስጥ ወዳለ ረጅም ሕንፃ ትገባለች። ትዕይንት 1 (70 ሰከንድ)፦ የትኛውንም ቁጥር ብትጫን ሊፍቱ 9ኛ ፎቅ ላይ ይቆማል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ትዕይንት 2 (60 ሰከንድ)፦ ባዶ ኮሪደር፤ የራሷ ኮቴ ከኋላዋ ዘግይቶ ይሰማታል። ትዕይንት 3 (40 ሰከንድ)፦ መታጠቢያ ቤት፤ መስታወት ውስጥ ያለችው ምስሏ ምላጭ አንስታ ክንዷን ትቆርጣለች። ትዕይንት 4 (50 ሰከንድ)፦ ወጥ ቤት፤ ከምስሏ ጋር በቢላ ይተናነቃሉ። ትዕይንት 5 (80 ሰከንድ)፦ የታናሽ ወንድሟ መኝታ ክፍል፤ ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ «እህቴ እኮ ቅድም ገብታለች» ይላታል።

መለኪያው ቢቢኤፍሲ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የብሪታንያ የፊልም መዳቢ ቦርድ መመሪያ ነው። በሲኒማ ቤት ዩ (ለሁሉም)፣ ፒጂ (በወላጅ ምክር)፣ 12ኤ፣ 15 እና 18 የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። በ12ኤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ከሆነ ይገባል። በ15 እና በ18 ግን ወላጅ አብሮት ቢመጣም ዕድሜው ያልደረሰ አይገባም። የፊልም ሥራ መምህርቷ 15 ይላሉ፤ አጫጭር ፊልሞችን የሚያቀናብረው ኤዲተር 12ኤ ይላል።

መምህርቷ

ይህ ስክሪፕት 15 ነው። ወደ ምክንያቱ ከመሄዴ በፊት ተማሪዎች የሚያምታቱትን አንድ ነገር ላጥራ። የዕድሜ ደረጃና ዒላማ ተመልካች አንድ አይደሉም። ደረጃው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ማንን እንደማያስገባ ያውቃል እንጂ ማን መምጣት እንደሚፈልግ አያውቅም። ተማሪዎች ግን ከፊልሙ ጋር በሚያስገቡት የሐሳብ መግለጫ ላይ «ደረጃ 15፣ ተመልካች ከ13 እስከ 25» ብለው ይጽፋሉ። 13 እና 14 ዓመት የሆናቸውን ጠርተው በዚያው መስመር አባረሯቸው ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው «ደረጃ 18፣ ተመልካች ከ15 እስከ 24» የሚለው ነው። ፊልሙን የምትሠራው ተማሪ፣ ዳይሬክተሯ፣ 17 ዓመቷ ነው እንበል፤ የራሷ ፊልም በዚያ ደረጃ ሲኒማ ቤት ቢታይ እሷም አትገባም። 18 የሚመርጡት «18 ከተባለ የምር ያስፈራል» በሚል ነው። 18 የሚያሰጠው ግን ማስፈራቱ ብቻ አይደለም፤ ሥቃይ ላይ ካሜራን ተክሎ መቆየት፣ የጭካኔ ማስፈራራትን ማራዘም፣ የከበደ የሥጋና የደም ምስል ማሳየት ነው። አምስት ደቂቃ ያለው የተማሪ ፊልም ለዚህ በጀቱም ምክንያቱም የለውም። 18ን እዚሁ እንተወው።

ልዩነታችን 12ኤ ላይ ነው። መመሪያው ለ12ኤ መካከለኛ ስጋትና ሆረር ይፈቅዳል፣ ነገር ግን በሁለት ገደብ። አንዳንድ ትዕይንት ሊረብሽ ይችላል፣ የፊልሙ አጠቃላይ መንፈስ ግን ረባሽ መሆን የለበትም። የሆረር ትዕይንቶቹም ተደጋጋሚ ወይም የተራዘሙ መሆን የለባቸውም። ይህን አንድ ሰዓት ተኩል በሚሆን ፊልም ላይ ማክበር ይቻላል፤ ከእያንዳንዱ ድንጋጤ በኋላ የሻይ ወሬ፣ የባቡር ጉዞ፣ ቀን ብርሃን ይገባል፣ ተመልካቹም ይተነፍሳል። እኛ ያለን 300 ሰከንድ ነው። ልጅቷ ቁልፍ እየፈለገች ወደ ሊፍቱ የምትሄድባቸውን የመጀመሪያዎቹን 20 ሰከንዶች ካነሣን የቀረው በሙሉ እየጠበቀ የሚሄድ ስጋት ነው። ቀልድ የለም፣ እረፍት የለም፣ መጨረሻ ላይም መዳን የለም። የዚህ ዓይነት አጭር ፊልም ከዳር እስከ ዳር አንድ የተራዘመ የሆረር ትዕይንት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅርበቱ ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚዞር የጥንት መንፈስ አይደለም፤ ዛሬ ማታ አንድ የ12 ዓመት ልጅ የሚወጣበት ሊፍት፣ ጥርሱን የሚቦርሽበት መስታወት፣ የሚተኛበት ክፍል ነው። መዳቢዎቹ ታሪኩ ከተመልካቹ ኑሮ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመለከታሉ። ይህ ፊልም ምንም አይርቅም።

ኤዲተሩ

መምህርት፣ 18ን በመተውዎ እስማማለሁ። «የተራዘመ» የሚለውን ግን በሰከንድ ብዛት አልለካውም፤ ጥንካሬው ሳይላላ ስንት ቆየ ብዬ ነው የምለካው። ትዕይንት 1 እና 2 ላይ ሊፍት ይቆማል፣ ኮቴ ይሰማል። የሚጎዳ ሰው የለም፣ የሚታይ ጭራቅም የለም። እርስዎ ስጋት ብለው የቆጠሩትን 110 ሰከንድ ገደማ እኔ ግራ መጋባት እለዋለሁ። ፊልሙን ወደ 15 የሚጎትቱት ሦስት ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው ምስሎች) ናቸው፦ ምላጩ ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ ደሙ ወደ ማጠቢያው ሲወርድ፣ ቢላው ሲገባ። ሲደመሩ 12 ሰከንድ ያህል ቢሆኑ ነው። እነሱ ሲወጡ ታሪኩ አንድም ነገር አይጎድልበትም፤ ታሪኩ ያለው ወንድሟ በሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነውና።

ደሙን ማውጣት ለጥራትም ይበጃል። የተማሪ ፊልም ላይ ቶሎ የሚጋለጠው ደም ነው። የተለመደው አሠራር አንድ ኩባያ ጎልደን ሲረፕ (ወፍራም የስኳር ሽሮፕ)፣ ሩብ ኩባያ ውኃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለምና አንድ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ ነው፤ ኮኮዋው በትንሽ ውኃ ቀድሞ ካልተበጠበጠ ይጓጉላል። ኮኮዋ ወይም ሁለት ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ካልገባበት በነጭ የመታጠቢያ ቤት መብራት ሥር ሮዝ ሆኖ ይታያል። ሲረፑ ከበዛ ከክንዷ አይወርድም፣ ይንጠለጠላል። ቀለሙ ቆዳ ላይ ስለሚቀር ሁለተኛው ቴክ (ድጋሚ ቀረጻ) ሲቀረጽ ክንዷ ከመቆረጡ በፊት ቀልቷል። የልብስ ቅያሪ ሦስት ካልተዘጋጀ ደግሞ ቴክ መድገም የለም። ይህ ሁሉ ልፋት ለአራት ሰከንድ ምስል ነው፤ ያቺ ምስል ደግሞ ተመልካቹን ከፍርሃት አውጥታ «ሲረፕ ነው» የምታሰኝ ናት።

12ኤ ሆረር አይቻልም ለሚለው በ2012 የወጣው «ዘ ዉመን ኢን ብላክ» መልስ ነው። አንድ የሞተች ሴት ልጆችን የምትወስድበት ታሪክ ነው፣ ግን 12ኤ ሆኖ ወጥቷል። አከፋፋዩ 6 ሰከንድ ያህል ቆርጦ፣ ጥቂት ሾቶችን አጨልሞ፣ በአንዳንድ ቦታ ድምፁን ቀንሶ ነው ያገኘው። የእኛ 12 ሰከንድ ከዚያ ይበልጣል።

ስለ ተመልካቹ ደግሞ በቀጥታ ልናገር። የተማሪ ፊልም መጀመሪያ የሚታየው ሲኒማ ቤት አይደለም። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተማሪዎች ሥራ ምሽት ላይ ነው፤ እዚያ የሚመጣው አባት፣ እናት፣ አክስትና የ9 ዓመት ታናሽ ነው። የሐበሻ ቤተሰብ ከሆነማ ሁሉም ተሰብስቦ ነው የሚመጣው፤ ልጁን ማን ጋ ይተዉታል? ከዚያ በኋላ ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፣ ሊንኩም በተማሪዋ የሥራ ማሳያ ገጽ ላይ ይለጠፋል። የዕድሜ ገደብ የተደረገበት ቪዲዮ ደግሞ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ አካውንቱ ውስጥ ያልገባ ሰውም አያየውም።

መምህርቷ

ወንድሜ፣ የዩቲዩቡ ነጥብህ እኔን ሳይሆን 18ን ነው የሚመታው። የዩቲዩብ የዕድሜ ገደብ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም 18 ነው። 15 የሚባል ገደብ የለውም። 15 ሊሆን የሚችል ፊልም የመድረኩን ደንብ እስካልጣሰ ድረስ ያለ ገደብ ይጫናል፣ በሌላ ገጽም ይከፈታል። የዩቲዩብን ሠራተኞች ወይም ማሽን ወደ ገደብ የሚመራው ራስን መጉዳትና የከበደ ደም ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ ምላጩ ይወስደኛል።

ምላጩ እንዲወጣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ምላጩ የሚወጣው 12ኤ ለማግኘት አይደለም። 15 ላይም ቢሆን ራስን መጉዳትን የመሰለ አደገኛ ድርጊት ሰው ሊቀዳው በሚችል ዝርዝር መታየት የለበትም። መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ የትኛው የክንድ ክፍል እንደሆነ፣ በየት አቅጣጫ እንደተቆረጠ በቅርብ ሾት ማሳየት ዝርዝር ነው። ስለዚህ አንተ «ሦስት ሾት ቢወጣ 12ኤ ይሆናል» ስትል፣ ከሦስቱ ሁለቱ የሚነሡት ከእኔው 15 ውስጥ ነው። በቦታቸው ምስሏ ልጅቷ ዞር ስትል ዞር ሳትል ትቀራለች፤ በቃ። እሱ ይበልጥ ያስፈራል። ልብ በል፣ ደሙ ከወጣ በኋላም ትዕይንቱ አስፈሪነቱ ስለሚጨምር ፊልሙ ወደ 12ኤ አልቀረበም፣ እንዲያውም ራቀ።

«ዘ ዉመን ኢን ብላክ»ን በማንሣትህ ደስ ብሎኛል። ታሪኩን አልጨረስከውም። በ2012 ቦርዱ በዚያ ፊልም ላይ 134 ቅሬታ ደርሶታል፣ የዚያ ዓመት ከፍተኛው ነበር። ወላጆች ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ለ12ኤ በጣም ያስፈራል። ያ ፊልም ያለፈ ዘመን ልብስ፣ ጭጋግ የከበበው ርስት ቤትና የተለመደ የመንፈስ ተረት ይዞ፣ ተቆርጦም፣ ድምፁ ተቀንሶም ነው ይህ የደረሰበት። የእኛ ፊልም ከእነዚህ መከላከያዎች አንዱም የለውም።

ከዚያ ይልቅ ያነሣኸው የድምፁ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ድምፅ ተቀንሶ ደረጃ መውረዱ የሚያሳየው መዳቢዎቹ የሚሰሙትንም እንደሚመዝኑ ነው። ተማሪ ስለ ደረጃ ሲያስብ ደምና ስድብ ይቆጥራል፣ የድምፅ ትራኩን አይነካውም። የኮሪደሩን ኮቴ በጆሮ ማዳመጫ ካደመጥኸው ግራ መጋባት ነው አትለኝም።

ኤዲተሩ

ዩቲዩቡን ልተወው፤ አዳራሹን ግን አልተውም፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ድምፁ፣ ምክንያቱም መምህርት ድምፁ ደረጃ ይጨምራል ሲሉ እኔ ደግሞ በድምፅ ደረጃ ይወርዳል እላለሁ፤ ሁለታችንም ልክ ነን፣ ወሳኙ የድምፅ ማደባለቁን ማን እንደሠራው ነው።

ተማሪዎች ድንገተኛ ማስደንገጫ ሲሠሩ ሁሉንም ነገር ያስጮሃሉ። ዩቲዩብ ደግሞ ከ−14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) ገደማ በላይ የጮኸውን ፊልም በሙሉ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጸጥታውም ጩኸቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ልዩነታቸው ግን ቀድሞም ስላልነበረ ማንም አይደነግጥም። የሚሠራው ተቃራኒው ነው። 0 ዴሲቤል የዲጂታል ድምፅ ጣሪያ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የቦታውን ድምፅ −35 ዴሲቤል አካባቢ አስቀምጦ ለ10 ሰከንድ ማቆየት፣ ከዚያ የኮቴውን ድምፅ −18 ላይ ማምጣት። ጩኸት አያስፈልግም። ከፍተኛው ጫፍ −1 ዴሲቤልን እንዳያልፍ ማድረግ ነው የቀረው። ሌላው ስሕተት የ40 ኸርዝ ጉርምርምታ ነው፤ በኤዲቲንግ ክፍሉ ትልቅ ስፒከር ወንበር ያናውጣል፣ በስልክና በላፕቶፕ ስፒከር ጨርሶ አይወጣም። ከ200 ኸርዝ በላይ አብሮት የሚሰማ ድምፅ መደረብ አለበት። ይህን ያወቀ ተማሪ ለ12ኤ የሚሆን ማደባለቅ ይሠራል፤ ስሜቱን ይጠብቃል፣ ድብደባውን ይተዋል።

ምስሉም ላይ ያው ነው። «ጨለማ» ሲባሉ ብርሃን ያጠፉና አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ኃይል) 6400 ያደርሱታል። ውጤቱ የሚንቀጠቀጥ ግራጫ ነው፤ ሲጫንና ሲጨመቅ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ካሬ ካሬ ይበታተናል። ብርሃን ሰጥቶ መቅረጽና በቀለም እርማት ላይ አንድ ስቶፕ ተኩል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ማውረድ ነው መፍትሔው። በዚህ መንገድ የተሠራ ጨለማ ደግሞ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። ያንን ቁጥጥር ይዤ ነው 12ኤ የምለው።

የቢላውን ትዕይንት እንዲህ ያቅዱት። ሀ፦ ከልጅቷ ጀርባ ሰፊ ሾት፣ ትግሉ ሙሉ ሆኖ፣ ቢላው በሰውነቷ ተሸፍኖ። ለ፦ ፊቷ በቅርብ። ሐ፦ እጅ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲንሸራተት። መ፦ የቢላው ኢንሰርት፣ ማለትም ቢላውን ብቻ በቅርብ የሚያሳይ ሾት። መ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ፣ ለብቻው ይቀረጽ። ሀ፣ ለ እና ሐ ያለ እሱ ሙሉ ትዕይንት መሆን አለባቸው። ዳይሬክተሯ በኤዲቲንግ ላይ መ ካላስፈለጋት ትተዋለች፤ ካስፈለጋት 15 መሆኑን አውቃ ታስገባዋለች። ስክሪፕቱ ላይ 15 ብላ ከተነሣች ግን መ የመጀመሪያው ሾት ይሆናል፤ ቀረጻው 3 ሰዓት ይበላል፣ ለ እና ሐ በጥድፊያ ይሠራሉ። ብዙ የወጥ ቤት ትግል የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የላስቲክ ቢላም ቢሆን በግልጽ ተይዞ ኮሪደር ላይ አይታይም። ጎረቤት ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 999 ይደውላል፤ ፖሊስም ላስቲክ መሆኑን በሩቅ አያውቅም። በከረጢት ገብቶ በከረጢት ይወጣል፤ የሕንፃው አስተዳደርና የአካባቢው ፖሊስ ሰዓቱን አስቀድመው ይወቁ።

መምህርቷ

የሾት ዕቅድህን እንዳለ እወስደዋለሁ፤ ለ15ም ያው ነው የሚሠራው። ኢንሰርቱ መጨረሻ ይቀረጽ የሚለው በተለይ። አንድ ልጨምርበት፤ ተዋናዮቹ ሲደነግጡ የሚያመልጣቸው ስድብ። ስክሪፕት ላይ የለም፣ በምርጡ ቴክ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ይገኛል። 12ኤ ላይ ከባድ ስድብ እንደ አነጋገሩና እንደ ሁኔታው አልፎ አልፎ ሊታለፍ ይችላል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ ግን ወደ 15 ሄደ። ቀረጻው ሲያልቅ ተዋናይዋን ጸጥ ባለ ክፍል አስቀምጦ ትንፋሽ፣ ጩኸትና ስድብ አልባ ቃላት በድምፅ ብቻ መቅዳት፤ 10 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አሁን አዳራሹ። ተማሪዋ ፖስተሩ ላይ የቢቢኤፍሲን 15 ምልክት ለጥፋ ብትመጣ ፊልሟ 15 አይሆንም። ቦርዱ አላየውም፤ ምልክቱም የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። የተማሪ ደረጃ ግምት ነው፣ በጽሑፍ «ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ የታሰበ» ይባላል። ቦርዱ ዘንድ ማቅረብ በፊልሙ ርዝመት የሚቆጠር ክፍያ አለው፣ ለክፍል ሥራ አስፈላጊ አይደለም። ፊልሙ ፈቃድ ባለው ሲኒማ ቤት በፌስቲቫል ላይ ልጆች ባሉበት ሊታይ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2003ቱ የፈቃድ ሕግ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ የልጆች መግቢያ በመዳቢ ቦርዱ ወይም በአካባቢው ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ውሳኔ ይገደባል። ያልተመደበ አጭር ፊልም ሲኖር ፌስቲቫሉ ለካውንስሉ ይጽፋል፤ የታሪኩን ጭምቅ ሐሳብ፣ የታሰበውን ደረጃና አወዛጋቢ ቦታዎችን በደቂቃና በሰከንድ ያቀርባል፣ ያውም ከሳምንታት በፊት። ካውንስሉ ከተማሪዋ ግምት የተለየ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዋ ያንን የሰከንድ ዝርዝር ኤዲቲንጉ ባለቀ ማግስት ትጻፈው፤ 0፡42 መብራት፣ 2፡14 መስታወት፣ እንዲህ እያለች።

መብራቱን ካነሣሁ አይቀር፦ ሊፍቱ ውስጥ ብልጭታው በሰከንድ ከ3 በላይ እንዳይሆን። ይህ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለመጠበቅ ነው፣ ደረጃው 12ኤም ይሁን 15 መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ ደግሞ በሰከንድ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሰከንድ ሹተር ካልተቀረጸ የኮሪደሩ አምፖል ያልታሰበ ብልጭታ ይጨምርበታል፤ ስልኮች በልማድ 30 ላይ ናቸው።

የ9 ዓመቱን ታናሽ በተመለከተ፤ አዳራሹ ውስጥ ስለሚገኝ ዒላማ ተመልካች አይሆንም። ምሽቱን ያዘጋጀው ትምህርት ቤት ሆረሮቹን መጨረሻ ላይ ያድርግ፣ ከዚያ በፊት አምስት ደቂቃ እረፍት ይስጥ፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ይውጣ። 12ኤ አድርገህ ብትሠራው ግን ወላጁ «12ኤ ከአዋቂ ጋር ይቻላል» ብሎ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠዋል። 12ኤ ያንተን ኃላፊነት ወደ አባትየው ነው የሚያሻግረው፤ አባትየው ደግሞ ፊልሙን አላየውም።

ዒላማውን ልጻፈው። በኤ-ሌቨል ሚዲያ የሐሳብ መግለጫው 500 ቃል ያህል ብቻ ነው፤ የፈተና ሰጪው ትዕዛዝ ተመልካቹን አስቀድሞ ከወሰነው እሱ ይቀድማል። ካልወሰነው «ሆረር የሚወዱ ሁሉ» ብሎ ቃል ማባከን አይገባም። እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦ «ቀዳሚ ተመልካች ከ16 እስከ 19፣ ማታ ብቻቸውን በስልክና በጆሮ ማዳመጫ የሚያዩ፣ የመንፈስ ፊልም ደንብ የሚያውቁና ደንቡ ሲሰበር የሚደሰቱ። ሁለተኛ ተመልካች ከ20 እስከ 24፣ ለአጫጭር ፊልም ፌስቲቫል የሚመጡ። የታሰበ ደረጃ 15፤ ምክንያቱ የማይቋረጥ ስጋትና መጽናኛ የሌለው መጨረሻ።» ከዚህ አንቀጽ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል አንድ የቀረጻ ውሳኔ ይወልዳል። ጆሮ ማዳመጫ ከተባለ ኮቴው ከግራ ወደ ቀኝ መዞር ይችላል። ስልክ ከተባለ ፊቷ ከፍሬሙ ሲሶ በታች መሆን የለበትም። ያንተን 12ኤ እንዲህ ጻፍልኝ።

ኤዲተሩ

እጽፋለሁ። «ቀዳሚ ተመልካች ከ12 እስከ 15፣ ከጓደኛ ጋር ተሰብስበው የሚያዩ፣ ሆረርን ገና የሚጀምሩ። ሁለተኛ ተመልካች አብረዋቸው የሚቀመጡ ወላጆችና ታላላቅ ወንድምና እህቶች። የታሰበ ደረጃ 12ኤ፤ ምክንያቱ ጉዳት የማይታይበት መካከለኛ ስጋት።» ብዙ ተማሪ ለ16–24 ስለሚሠራ ፈታኙ ያንኑ አንቀጽ ደጋግሞ ያነባል፤ ለሆረር ጀማሪ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። ይህ ተመልካች የተለየ ነገር ይጠይቃል፤ ፊልሙ ውስጥ አንድ መተንፈሻ። ለዚህም ነው ትዕይንት 2 እና 3 መካከል 15 ሰከንድ የሚሆን የስልክ ጥሪ የምጨምረው፦ እናትየዋ ደውላ «ምሳህን ዕቃው ውስጥ ትቼልሻለሁ» ትላለች፣ ልጅቷ «ምሳህን?» ብላ ትስቃለች። ፊልሙ 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እንዳይሆን ከኮሪደሩ 15 ይቀነሳል። እርስዎ «እረፍት የለም» ያሉት ተፈታ።

ደግሞም ሙከራ ያስፈልጋል። የ12ኤ ፊልም በ12 ዓመት ልጅ ፊት ወላጅ በጽሑፍ ፈቅዶ፣ ወላጁም ተቀምጦ ይሞከራል። ከ8 እስከ 10 ሰው፣ የቡድኑ ጓደኛ ያልሆነ። «አስፈራህ?» ተብሎ አይጠየቅም፣ ሁሉም «አይ» ነው የሚለው። አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ፊታቸውን ያዞሩበትን ሰከንድ ይመዝግብ። ከ10ሩ 6ቱ በአንድ ሰከንድ ላይ ካዞሩና ከዚያ በኋላ ካልተመለሱ የእርስዎ ደረጃ ልክ ነው።

መምህርቷ

የስልክ ጥሪውን ወድጄዋለሁ። ግን ሳቁ የመጣው ከእናትየዋ ስሕተት ነው፤ እናት ሴት ልጇን በወንድ ስትጠራ ተመልካቹ «እናትየዋም ምስል ናት?» ብሎ ይጠረጥራል። መተንፈሻ ብለህ ያስገባኸው ሌላ ፍርሃት ሆነ። የሆረር ጀማሪ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ነው ሌሊት የሚያስበው።

ሙከራህን እቀበላለሁ፤ በ15 ደረጃ ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ እንደማላደርገው ብቻ ይያዝልኝ። የቀረን ትዕይንት 5 ነው፣ ከምላጩም ከቢላውም በላይ የሚያሳስበኝ። ልጁ ብቻውን፣ በመኝታው፣ በእህቱ መልክ ያለ ነገር አጠገቡ ሆኖ። ይህን በየትኛው ሾት 12ኤ ታደርገዋለህ?

ኤዲተሩ

የልጁን ክፍል ሁለት ጊዜ በመቅረጽ። ልጁ የሚቀረጸው ቀን ላይ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እናቱ ክፍሉ ውስጥ ሆና ነው። ምስሏን የምትጫወተው ተዋናይ በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥም አትኖርም፤ ልጁ «እህቴ እኮ ቅድም ገብታለች» የሚለውን ለካሜራው ረዳት ነው የሚናገረው። ፊቱ ላይ ፍርሃት አይኑር፤ ሰላም ብሎ፣ እንቅልፍ እንደመጣው ልጅ ይበለው። ከዚያ የሚታየው የታላቅ እህቱ ፊት ብቻ ነው፣ 6 ሰከንድ፣ ከዚያ ጥቁር። ስክሪፕቱ ላይ ያሉት 80 ሰከንዶች 55 ይሆናሉ፤ በበሩ ኋላ ያለው ጥላ፣ የአልጋው መንቀሳቀስና መጨረሻ ላይ ያለው ጩኸት ይወጣሉ። ልጁ አደጋ ላይ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፣ አደጋው ግን ስክሪን ላይ አልደረሰም። መዳቢ የሚመዝነው የደረሰውን ነው።

መምህርቷ

ያየውን ብቻ ሳይሆን የቀረበትን ስሜት ጭምር ነው የሚመዝነው፤ የፊልሙ መንፈስ የሚባለው መስፈርት ለዚህ ነው የተጻፈው። በ55 ሰከንድህ ውስጥ ልጁ ሳይፈራ ተናግሮ ፊልሙ ጥቁር ከሆነ፣ ልጁን ማንም አላዳነውም። የ12 ዓመት ተመልካች ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ወይ ከጥቁሩ በኋላ የሊፍቱ በር ተከፍቶ ሁለቱ ወንድምና እህት ሲወጡ 4 ሰከንድ አሳየኝና 12ኤህን ውሰድ፤ ወይ እዚያው ጥቁር ላይ አቁመውና 15 ብለህ ጻፍ።

ኤዲተሩ

አራቱን ሰከንድ እቀርጻቸዋለሁ። ሊፍቱ ሲከፈት ስንት ሰው እንደሚወጣ ግን ዳይሬክተሯ ናት የምትወስነው።